ድድና የስኳር በሽታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ድድ ሲደማ ብሩሽ ማቆም ነው።» ጠዋት የተፋነው አረፋ ሮዝ መልክ ሲይዝ ብሩሹን እንወነጅልና ያንን ቦታ መንካት እንተዋለን። ድዱን ያስቆጣው ግን በጠርዙ ላይ የተጋገረው የባክቴሪያ ሽፋን ነው፤ ሲተውት ይብሳል። ቆይቶ ሲደድር ደግሞ ብሩሽ አይነቅለውም፤ የጥርስ እጥበት ያስፈልገዋል። በዚህ ደረጃ የተደረሰበት ድድ ይድናል። ጥርሱን የያዘው አጥንት አንዴ ከተበላ ግን በራሱ አይመለስም።

«ካላመመኝ ደህና ነኝ።» የድድ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው ሳያምም ነው። አጫሾች ላይ ደሙ እንኳ ላይታይ ይችላል።

«የአፍ ነገር ከአፍ አያልፍም።» እጅግ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የጥርስ ሐኪም ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መካከል ሲሰድ፣ ጤናማ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ያስገባዋል። 5 ወይም 6 ከገባ ኪስ ተፈጥሯል ማለት ነው፤ የኪሱ ውስጠኛ ግድግዳም ቁስል ነው። ያ ቁስል በብዙ ጥርሶች ዙሪያ ሲደመር ምን ያህል እንደሚሰፋ አስቡት፤ በየማዕዱ እናኝክበታለን። ከዚያ ባክቴሪያና የብግነት (የድዱ መቆጣት የሚያመነጫቸው) ኬሚካሎች ወደ ደም ይሾልካሉ። ኬሚካሎቹ ሰውነት ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማሉ፤ ስኳሩም ወደ ሕዋሳት መግባት ሲገባው በደም ውስጥ ይቀራል።

«ስኳር ድድን ይጎዳል እንጂ ድድ ስኳርን አይነካም።» የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው፤ የስኳር በሽታ በድድ በሽታ የመያዝን ዕድል ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያሳድጋል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ጥናት ውድቅ አድርጎታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ሁለቱም በሽታዎች ያሉባቸው ሰዎች ድዳቸው ሲታከም፣ የ3 ወር ገደማ የስኳር መጠንን የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ የደም ምርመራ ውጤት ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ በአማካይ 0.43 በመቶ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የስኳር መድኃኒትን አይተካም፤ ግን ችላ የሚባል ቁጥር አይደለም።

«እጥበት ጥርስን ያላላል።» የደደረው ቆሻሻ ጥርሶቹን አያይዟቸው ስለነበር ሲነሣ የላሉ ይመስላል። ያላላቸው ቀድሞ የተበላው አጥንት ነው።

«ስኳር ያለበት ሰው ጥርሱን ማስታጠብ የለበትም።» እንዲያውም ከማንም በላይ እሱ ያስፈልገዋል። ሕመሙንና የሚወስደውን መድኃኒት አስቀድሞ ለጥርስ ሐኪሙ ይንገር፤ ስኳሩ በድንገት እንዳይወርድ ምግቡን ሳይዘል ይሂድ። ለስኳር ክትትል ሲቀርብ ደግሞ «ድዴ ይደማል» ይበል።