«ጠበቅ አድርገህ እሸኝ» አትበሉኝ

አዳማ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። በየቀኑ የምሰማት አንዲት አባባል አለች፦ «ካላመመ አይሠራም»። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አልጋው ላይ ጋደም ይልና «ጠበቅ አድርገው እንጂ፣ መደባበስ ምን ይሠራል?» ይለኛል። በጣም ሰለቸኝ፣ ስለዚህ ልጻፈው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። እንጀራ ጋግረው ነው የሚተዳደሩት። ቀሚሳቸውን ከፍ ሲያደርጉ ቀኝ ጉልበታቸው አብጧል፣ ዙሪያው በልዟል፣ ባታቸው ላይ የጣት ምልክት ጠቁሮ ይታያል። የሰፈር ሰው በሰሊጥ ዘይት ሦስት ቀን በኃይል አሽቷቸው ነው። «አለቀስኩ ልጄ፣ በሽታው እየወጣ ነው ሲሉኝ ግን ቻልኩት» አሉኝ። እንዴት አልናደድ!

በሽታ በለቅሶ አይወጣም። ጉልበት እያረጀ ሲሄድ አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ይሳሳል፤ እሱን የማንም እጅ አይመልሰውም። መታሸት የሚጠቅመው በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ነው። ጉልበት ሲያም የጭን ጡንቻ ይወጠራል፣ ውጥረቱ ደግሞ ሕመሙን ያብሳል። ጭንና ባትን ለስለስ አድርጎ ማሸት ይሄንን ያላላል። በኃይል ከተጫኑት ግን ጡንቻው መልሶ ይጨብጣል፣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በማግስቱ ካመማችሁ በዝቷል ማለት ነው፣ ለሚያሻችሁ ሰው ንገሩት።

ያበጠና የሚያተኩስ መገጣጠሚያ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ሪህ ይሁን፣ ኢንፌክሽን ይሁን በዓይን አይለይም። አንድ ባት ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመም አታሹት፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ከመታሸታችሁ በፊት ሳትጠየቁ ተናገሩ።

«ብርድ ገብቶብኝ ነው»። አዳማ ላይ? ብርድ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ በሽታውን ግን አያመጣም። ብርድ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሙቀት ማን ጉልበቱን ያመው ነበር?

«ሶደሬ ከታጠብኩ ይበቃኛል»። ፍል ውሃው ሰውነት ያፍታታል፣ ሂዱ። መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ።

«አንዴ ከታሸሁ እድናለሁ»። አትድኑም። አሜሪካ ውስጥ ጉልበታቸውን በሚያማቸው 125 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ጥናት ተመራጭ ያለው በሳምንት አንድ ጊዜ የ60 ደቂቃ ማሳጅ ነው፣ ያውም ለስላሳውን ዓይነት። እሱም ሕመም ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አይነቅልም። ለዚህ ነው እንቅስቃሴ የምጨቀጭቃችሁ። ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አንድ እግር ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፣ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። በየእግሩ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ጭን ሲጠነክር ጉልበት ጫናው ይቀልለታል።

እኚያን እናት መጀመሪያ ወደ ሐኪም ላክኋቸው። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ከጭናቸው ጀመርን። የመጀመሪያ ቀን «ይሄ ነው እንዴ?» ብለው ታዘቡኝ። በአራተኛው ሳምንት ግን ያለ ልጃቸው መጡ። ምጣዱንም ከፍ አስደርገው አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚጋግሩት።