ከክረምት በፊት ና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልብ ወለድ ሲጽፍ የኖረ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብበት ዓይኑ ትንሽ የተበላሸ ነው። ሌላው ምእመን ምሥጢሩን ሲፈልግ እሱ ዕቃ ዕቃውን ያያል። እኔን ለብዙ ዓመት ይዞኝ የኖረው ዕቃ አንድ በርኖስ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ሁለተኛውን መልእክት ለልጁ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እስረኛ ነው፤ መሞቻው እንደ ደረሰም ያውቃል። ሩጫዬን ጨርሻለሁ፣ የጽድቅ አክሊል ተዘጋጅቶልኛል ይላል። ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ ደግሞ ስትመጣ በጢሮአዳ አክርጳ ዘንድ የተውኩትን በርኖስ አምጣልኝ ይላል። መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም ብራናዎቹን። እኔ ብሆን የጻፍኩት ይህን አላስገባም ነበር። አክሊል የሚጠብቀው ሰው እንዴት ስለ ልብስ ያወራል ብዬ እሰርዘው ነበር። እሱ ግን በርዶታል። ተርጓሚዎቻችን «በርኖስ» በማለታቸውም ደስ ይለኛል፤ የመንዝን ውርጭ የቀመሰ ሰው ያ የበግ ጠጉር ልብስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳውም።

መልእክቱ ሊያልቅ ሲል፣ በምዕራፍ 4 ቁጥር 21 ላይ፣ «ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ» የሚል ቃል አለ።

በዚያ አገር ክረምት ማለት ብርድና ማዕበል ነው። ባሕሩ ለመርከብ አይመችም፤ ጳውሎስ ራሱ በዚያ ወራት ሲጓዝ መርከቡ የተሰበረበትን ታሪክ በሐዋርያት ሥራ 27 እናነባለን። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። ድልድይ በሌለበት አገር ወንዝ ማዶ ያለ ዘመድ በሰኔ ተሰነባብቶ እስከ መስቀል ላይተያይ ይችላል። «እንዴት ከረማችሁ?» የምንለው ሰላምታ ከክረምት ጋር አንድ ሥር ያለው በከንቱ አይመስለኝም። የእነሱና የእኛ ክረምት በወር አይገጥሙም፤ መንገድ በመዝጋት ግን አንድ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥራለች። የጴጥሮስና የጳውሎስን ሰማዕትነት ደግሞ ሐምሌ 5 ታከብራለች፤ ክረምት በገባ በዐሥረኛው ቀን መሆኑ ነው። ቀኑ ለዚህ ተብሎ ተመረጠ እያልኩ አይደለም። እኔ ግን የሐዋርያት ጾም በተፈታ ቁጥር «ጢሞቴዎስ ደርሶለት ይሆን?» ማለት አልተውም። መልእክቱ አይነግረንም። ምዕራፍ አምስት የለውም።

አሁን ወደ ማርቆስ ልውሰዳችሁ፤ የነገሬ ልብ እሱ ላይ ነው። ማርቆስ በጳውሎስና በበርናባስ የመጀመሪያ የስብከት ጉዞ ላይ ከጵንፍልያ ተለይቶ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰው ነው። ለሁለተኛው ጉዞ በርናባስ ይዘነው እንሂድ ሲል ጳውሎስ እምቢ አለ፤ በዚህ ምክንያት ሁለቱ ታላላቅ ሐዋርያት እስኪለያዩ ድረስ ተጣሉ። የሐዋርያት ሥራን የጻፈው ቅዱስ ሉቃስ አልሸፋፈነውም። ዓመታት አለፉ። ያው ጳውሎስ፣ በእስር ቤት ሆኖ፣ «ሉቃስ ብቻ ከእኔ ጋር አለ፤ ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና» ብሎ ጻፈ።

የዕርቁ ትዕይንት የት አለ? እኔ እንደ ጸሐፊ እሱን ነው የምፈልገው፤ በር ይንኳኳ፣ እንባ ይፍሰስ፣ አንዱ ከእግር ይውደቅ። መጽሐፉ አልፎታል። ምናልባት ያልተጻፈ ትዕይንት ነበረ። ምናልባት ደግሞ አልነበረም፤ ሥራ ብቻ ነበረ፣ አንድ ቀን ስሙ ያለ ቁጣ ከአፉ ወጣ። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

እነዚህ በአንድ ቁጥር ላይ ተያይዘው የተጠሩት ሁለቱ፣ ያልተለየው ሉቃስና ሄዶ የተመለሰው ማርቆስ፣ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር ዘመን ተሰጥቷቸዋል። 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነው። (ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ላልተለየው ወዳጅ አንዲት ቀን ብትጨመርለት አይበዛበትም።) አባቶቻችንም ጵጵስናን ለዘመናት የተቀበሉት ከእስክንድርያ፣ ከመንበረ ማርቆስ ነው። ጳውሎስ አልወስደውም ካለው ሰው መንበር ማለት ነው።

ሁሉን ሰው መልሳችሁ አስገቡ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ምዕራፍ ዴማስ ትቶኝ ሄደ ተብሏል፤ ናልኝ አልተባለም። ብዙ ክፉ ያደረገበትን አንጥረኛውን እስክንድሮስንም ጢሞቴዎስ እንዲጠነቀቀው ነግሮታል።

የእኔ ጉዳይ ግን የእስክንድሮስ አልነበረም፤ በዳዩ እኔ ነበርኩ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ወዳጅ ነበረኝ። አባቱ የተቀበሩ ዕለት ማልቀስ አቅቶት የድንኳኑን ካስማ ሲቆጥር እንደዋለ አንድ ማታ አጫወተኝ። ዐሥራ አራት ናቸው አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያን ካስማ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ከተትኩት። የሰውየውን ስም ቀየርኩ፣ ሰፈሩን ቀየርኩ፣ ካስማውን እንኳ ዐሥራ ሁለት አደረግኩት። አንብቦ ደወለልኝ። «ስሜን ቀየርክ እንጂ እኔን አልቀየርከኝም» አለኝና ዘጋው። ልብ ወለድ እኮ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ተከራከርኩ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ድርሰቱን አልጠየቁኝም። «ለእሱስ ነገርከው?» አሉኝ።

አልነገርኩትም ነበር። አራት ክረምት አለፈ። ይቅርታዬን ብዙ ጊዜ ጻፍኩት፤ በየጊዜው እየቆየ እያማረ ሄደ፤ ሲያምር ደግሞ እኔኑ አስጠላኝ፤ ድርሰት ሆነብኛ። ባለፈው ሰኔ፣ ደመናው እንጦጦ ላይ ሲከብድ፣ ሁሉንም ትቼ በቴሌግራም ሁለት መስመር ላኩለት። «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ከክረምት በፊት ና።»

አነበበው፤ ሁለቱን ምልክቶች አየሁ። ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። ሰኔ 26 አለፈ። ሐምሌ 5 ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ቤት ገብቼ ጾሙን ልፈታ ስል በር ተንኳኳ። ጃንጥላ አልያዘም፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሳንጣላ በፊት ያዋስኩትን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል።

«ብራናህ ይኸው» አለኝ። «በርኖስ የለኝም፤ አንተ ጋቢ ስጠኝ፣ በርዶኛል።»