ገድል፦ የቅዱሳን ሕይወት ከብራና እስከ ዝክር

ሕፃኑ በተወለደ በሦስተኛው ቀን አፉን ከፍቶ ሥላሴን አመሰገነ። አድጎ ከደብረ ዳሞ ተራራ በገመድ ሲወርድ ሰይጣን ገመዱን በጠሰበት። ወዲያው ስድስት ክንፍ በቀለለትና በሰላም አረፈ። በስተርጅናው ደግሞ ብዙ ከመቆሙ የተነሣ አንድ እግሩ ተቆረጠ። እሱ ግን በቀረው እግሩ ሰባት ዓመት ቆሞ ጸለየ።

ይህ ገድለ ተክለ ሃይማኖት ነው። እዚህ አገር ያደገ ሰው መጽሐፉን ባያነበው እንኳ ሥዕሉን ያውቀዋል። ክንፍ ያላቸው ነጭ ጢም መነኩሴ፣ አጠገባቸው የወደቀች እግር።

ገድል የሚለው ቃል «ተጋደለ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው። ትግል ማለት ነው። ቅዱሱ የሚታገለው ከሰይጣን ጋር ነው፣ ከሥጋው ጋር ነው፣ አንዳንዴም ከንጉሥ ጋር ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአንድን ቅዱስ ልደት፣ ምናኔ፣ ተጋድሎ፣ ዕረፍትና ተአምር የሚተርክ መጽሐፍ ገድል ይባላል። ወንድምና እኅት መጻሕፍትም አሉት። ስለ መላእክት ሲሆን ብዙ ጊዜ ድርሳን ነው፤ ድርሳነ ሚካኤልን ያስቡ። መልክእ ደግሞ ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እየዞረ «ሰላም ለ...» እያለ የሚያወድስ ግጥም ነው።

የሁሉም ማጠቃለያ ስንክሳር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በየዕለቱ የሚታሰቡትን ቅዱሳን በአጭር በአጭሩ ያስቀምጣል። ከግብፅ ክርስቲያኖች ዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ቅዱሳን የበዙበት ግን በኋላ፣ እንደገና ሲታረም ነው። ከእያንዳንዱ ታሪክ ግርጌ አርኬ የምትባል ባለ አምስት ስንኝ ሰላምታ ትገኛለች። አምስቱም ስንኞች በአንድ ቤት ይመታሉ። ቅኔ የሚወድ ሰው ታሪኩን ዘሎ አርኬዋን ቢሰማ አልፈርድበትም።

የመጀመሪያዎቹ ገድሎች የእኛ አልነበሩም። የእንጦንስና የጳውሊ ታሪክ ከግሪክ መጣ፣ ሌሎች ብዙ ሰማዕታት ደግሞ በዐረብኛ በኩል ገቡ። የአገር ቤት ገድል የጎመራው በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ገዳማት ሲስፋፉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር አለ። ተሰዓቱ ቅዱሳን የሚባሉት ዘጠኝ መነኮሳት ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። አቡነ አረጋዊ፣ አባ ገሪማ፣ አባ ጰንጠሌዎን፣ አባ አፍጼና ሌሎቹ። ገድሎቻቸው በጽሑፍ የሰፈሩት ግን ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የላሊበላም ገድል የተጻፈው ሥርወ መንግሥቱ ካለፈ በኋላ፣ የዛጉዌን ዙፋን በወሰዱት ነገሥታት ዘመን ነው። የወደቀ ቤት ንጉሥ በወራሾቹ ዘመን ቅዱስ ሆኖ ሲጻፍ፣ ለኔ ከብዙ ተአምር በላይ ይገርመኛል።

ስለዚህ ገድልን እንደ ሕይወት ታሪክ ማንበብ ያሳስታል። ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ሕዝቡ «አቡዬ» የሚላቸው የዝቋላው ጻድቅ፣ በገድላቸው 562 ዓመት ኖረዋል። 60 አንበሳና 60 ነብር ይከተሏቸዋል። የተጠማች ወፍ መጥታ የዓይናቸውን እንባ ጠጥታለች። እዚህ ላይ ካልኩሌተር ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። ጸሐፊው ሊል የፈለገው ይህ ሰው ከአዳም በፊት እንደነበረው ሰላም፣ ከአራዊት ጋር ታርቆ ኖረ ነው።

ደግሞ ሁሉም እንደዚህ አይደለም። ወለተ ጴጥሮስ ያረፈችው በ1642 እ.ኤ.አ. ነው። ገድሏን ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ የጻፈው በ1672፣ ካረፈች ልክ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። የሚያውቋት ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ፤ ያም ከገጹ ያስታውቃል። ባሏ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ንጉሡ ካቶሊክ ሲሆን እሷ ባሏን ጥላ ጠፋች፣ ራሷን ተላጨች፣ መነኮሰች። ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ነበረች። ግዞት አለ፣ በሽታ አለ፣ በማኅበሩ ውስጥ ኩርፊያና ሐሜት አለ። እሷም ቁጡ ነበረች፤ ጸሐፊው አልደበቀላትም። ገድል ማንበብ የሚጀምር ሰው ካለ በዚህ ይጀምር እላለሁ።

ሌላዋ ክርስቶስ ሠምራ ናት። ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። አንድ ቀን በአገልጋይዋ ተናድዳ የእሳት ትንታግ አፏ ውስጥ ከተተችባት። ልጅቱ ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ ጸለየች፤ ልጅቱ ተነሣች፤ እሷም ያን ቤት ትታ መነነች። ቅድስናዋ የጀመረው ከበደል ነው። በኋላ ጣና ዳር ሆና የጸለየችው ጸሎት ደግሞ ከሌላ የማይሰማ ነው፦ ሰይጣንን ማርልኝ፣ እሱ ከታረቀ የሰው ልጅ አይፈተንምና። ሚካኤል ወደ ሲኦል ወሰዳት። ሰይጣንን «ና እንታረቅ» ብትለው እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ሚካኤል በሰይፉ አስጥሎ ሲያወጣት ብዙ ነፍሳት ተከትለዋት ወጡ።

ከነገሥታት ጋር የተጋጩትም ቀላል አይደሉም። ዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) የአባቱን ሚስት አገባ ብለው የገሠጹት የደብረ ሊባኖሱ ፊልጶስና አኖሬዎስ ተገርፈው ተግዘዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ለሥላሴ እንጂ ለሰው አንሰግድም አሉ። ለዚህ የደረሰባቸው ከባድ ነበር። በመንግሥቱ ዜና መዋዕል መናፍቃን ናቸው። በራሳቸው ገድል ሰማዕታት ናቸው። ታሪክ ጸሐፊዎች፣ እነ ታደሰ ታምራትና ጌታቸው ኃይሌ፣ ገድላትን እንደ ምንጭ አጥብቀው የያዙት ለዚህ ይመስለኛል። ቤተ መንግሥት ያልጻፈውን መነኩሴ ጽፎታል።

በተለይ ከፕሮቴስታንቶች ጋር ባለው ክርክር ገድል ዋና መፋለሚያ ነው። አዋልድ መጻሕፍት የሚባሉት፣ እንደ ገድል ያሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የሆኑ መጻሕፍት፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይስማማሉ ወይ ነው ጥያቄው። በቤተ ክርስቲያኗም ውስጥ የገልባጭ ስሕተትና ጭማሪ ይታረም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ብዙውን ክርክር የሚያስነሣው ግን ተአምሩ ሳይሆን ቃል ኪዳኑ ነው።

ቃል ኪዳን የገድል እምብርት ነው። ቅዱሱ ሊያርፍ ሲል ጌታ ይገለጥለታል። ስምህን የጠራ፣ ዝክርህን ያዘከረ፣ ቤተ ክርስቲያንህን የሠራ፣ ገድልህን የጻፈ፣ ያስጻፈ፣ ያነበበ፣ የሰማ፣ እስከዚህን ያህል ትውልድ እምርልሃለሁ ይለዋል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ በውስጡ የማይገባ ሰው የለም። ማንበብ የማይችል ይስማ። ገንዘብ የሌለው ቁራሽ ለድሃ ይስጥ። በተአምረ ማርያም ያለው በላዔ ሰብእ 78 ሰው በልቶ የዳነው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው።

የወሩ ቀኖች ስም ያገኙት ከዚሁ ነው። 5 አቦ፣ 12 ሚካኤል፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክልዬ። «ቀጠሯችን መቼ ነው?» ቢባል «ለጊዮርጊስ» ብሎ የሚመልስ ሰው አሁንም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ማኅበርተኞች ጽዋ ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ከሰዓት በኋላው በጨዋታ ያልቃል። ቄሱ ገድሉን በግእዝ ያነባሉ፣ በአማርኛ ይተረጉማሉ። አሁን ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ ስላለ ሥራው ቀሏል። ስንክሳሩም ስልክ ላይ ገብቷል። ውጭ አገር ያሉ ደግሞ ሥራ ስለማይለቃቸው የረቡዑን ሚካኤል ወደ እሑድ ይገፉታል።

መጽሐፉ ራሱም ይዳሰሳል። የታመመ ሰው በገድል ይታሻል፤ ቄሱ ጥራዙን ከነማኅደሩ ጀርባው ላይ፣ ራሱ ላይ ያሻሹታል። ከመጽሐፉ ስንት ቃል እንደተረዳ የሚጠይቅ የለም።

የድሮ የብራና ገድል ገልጦ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የቅዱሱ ስም በቀይ ቀለም ነው። ተአምር ባለቀ ቁጥር «ጸሎቱ ወበረከቱ የሀሉ ምስለ...» (ጸሎቱና በረከቱ ከ... ጋር ይሁን) ይልና ያስጻፈው ሰው ስም ይከተላል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት ያንን ስም በቢላ ፍቆ የራሱን ያስገባል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ መጥቶ እንደገና ይፍቃል። ቆዳው እዚያች ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዳንዱም ጋ ከአዲሱ ስም ሥር የቀድሞው ሰው አንድ ሁለት ፊደል ገና ይነበባል።