ኩሌአና ምንድን ነው? («ኃላፊነት» ብላችሁ አትለፉት)

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። የሃዋይ ታዳጊዎች ለነፍስ አድን ሥልጠና ባሕሩ ዳር ተሰልፈዋል። መጀመሪያ ያዜማሉ፣ ከዚያ ይገባሉ። ከሥሩ አንድ ወገናችን እንዲህ ጽፏል፦ «ኩሌአና ማለት በቋንቋቸው ኃላፊነት ማለት ነው። የእኛም ወጣት ኃላፊነት ቢሰማው!» ይህችን ትርጉም ሳያት ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ዛሬ ግን፣ ነፍስ አድን አሠልጣኝም ስለሆንኩ፣ አላልፋትም።

ኩሌአና ኃላፊነት ነው፣ ልክ። መብትም ነው። በ1850 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የሃዋይ መንግሥት ገበሬው የሚያርሰውን መሬት በስሙ እንዲያስመዘግብ ፈቀደ። ሕጉ «የኩሌአና ሕግ» ይባላል፤ መሬቱም ራሱ ኩሌአና ይባላል። ከጠቅላላው መሬት 1 በመቶው እንኳ ለገበሬው አልደረሰም፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ግን ወንድሜ፣ ቃሉ «ኃላፊነት» ብቻ ከሆነ መሬት በምን ሒሳብ ኃላፊነት ተባለ?

አማርኛ ደግሞ ቃል አላጣም። «ድርሻ» አለን። ውርስ ላይ «ድርሻዬን ስጡኝ» እንላለን፤ ሥራ ላይ «ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» እንላለን። ያው አንድ ቃል ነው፣ ሲቀበሉም ሲሰጡም።

እስቲ በእድር እንየው። በየወሩ ትከፍላለህ። ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ትተክላለህ፣ ቀብር ትወጣለህ፣ ከቀረህ ትቀጣለህ። የአንተ ቀን ሲመጣ ድንኳኑ ደጅህ ይተከላል። ታዲያ ድንኳኑ መብትህ ነው ወይስ ግዴታህ? ጥያቄው ራሱ አያስኬድም። ባሕሩም ለሃዋይ ልጅ እንደዚያ ነው። ዓሣ ያጠምድበታል፣ ሞገድ ይጋልብበታል፤ ስለዚህ የሚሰጥመውን ማውጣትም የእሱ ነው። ትንሽ ልግፋው፦ እድር የገባ ሰው በማግስቱ ዳኛ አይሆንም። መጀመሪያ ወንበር ይሸከማል። ወንበር ሲሸከም የማን ቤት የት እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ያውቃል። እርግጥ እድር የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ የእኛ የነፍስ አድኖች ሥራ ደግሞ እድሩን ሥራ ማስፈታት ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ተሰነጠቀ፣ ይሁን።

የወንበሩ ነገር ግን «የወጣት አመራር» የሚባለውን ያስረዳልኛል። እኛ ዘንድ አመራር ሲባል ቲሸርትና ሰርተፍኬት ይታየናል። በሃዋይ ቋንቋ ታላቅ «ካይኩአአና»፣ ታናሽ «ካይካይና» ይባላል። ታላቅነት ማዕረግ ብቻ አይደለም፤ ታናሽህን የማሳየት ዕዳ አለበት። የ16 ዓመቱ ልጅ የ13 ዓመቱን ይዞ ውኃ ይገባል። መርጠውት አይደለም፣ ቀድሞ ስለተማረ ነው።

አሁን ወደ ዜማው ልምጣ። ሌላው አስተያየት ሰጪ «ለቱሪስት ነው» ብሎ አጣጥሎታል። «ኦሊ» ይባላል። በብዙ ቦታ ከመግባት በፊት ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። እኔ የማየው ግን ልጆቹ ሲያዜሙ ፊታቸው የት እንደዞረ ነው። ወደ ባሕሩ ነው። ሞገድ በጅምላ ይመጣል፤ ጥቂት ትላልቆች ይከታተላሉ፣ ከዚያ ለደቂቃዎች ፀጥ ይላል። ፀጥ ባለበት ሰዓት ደርሶ ዘሎ የገባ ሰው ቀጣዩ ጅምላ ሳያስበው ይደርስበታል። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ቆሞ ማየት የሥልጠናው ግማሽ ነው። ለዚህ ማየት ስም አላቸው፤ «ኪሎ» ይሉታል። ሽንኩርት የምንገዛበት አይደለም፣ ስድስት ኪሎም አይደለም። ሰማዩን፣ ነፋሱን፣ የውኃውን ቀለም አጥርቶ ማጤን ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ሦስተኛው አስተያየት ነው፦ «ኩሌአና ማለት ራስን መሠዋት ነው፣ እንደ ኤዲ አይካው።» ኤዲ በ1968 ኦአሁ ደሴት ላይ፣ ዋይሜያ በሚባል የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሆኖ ተቀጠረ። ዋይሜያ በሰኔና በሐምሌ እንደ ሐይቅ የረጋ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ሞገዱ አንዳንዴ ከ9 ሜትር ያልፋል። ከ500 በላይ ሰው እንዳወጣ ይነገርለታል። በ1978 ሆኩሌአ የምትባለው ባሕላዊ ባለሸራ ታንኳ ሞሎካይ ደሴት አካባቢ ተገለበጠች። ኤዲ ሞገድ በሚጋለብበት ሰሌዳ ላይ ተኝቶ፣ እርዳታ ሊጠራ ወደ ላናይ ደሴት ቀዘፈ። ሌሎቹ ዳኑ። እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። 31 ዓመቱ ነበር።

ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ቀን ነው። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በፊት ያሉትን አሥር ዓመታት ነው፤ አንድ ባሕር ዳር በየቀኑ ሲያይ የኖረውን። ሳያይና ሳይሠለጥን የሚዘል ጀግና ሁለተኛ ሬሳ ነው። ይቅርታ፣ ሥራችን እንዲህ ያናግራል።

እኔ የገንዳ ሰው ነኝ፣ የውቅያኖስ አይደለሁም። ቢሆንም አንዱ ነገር ለሁለቱም ይሠራል። አንድ ቀን የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ እየሰጠመ ነበር። አልጮኸም። እጁን አላውለበለበም። ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንገቱ ወደ ኋላ፣ አፉ ከውኃው እኩል፣ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ወርዶ። እናቱ የሚጫወት መስሏት ፈገግ ብላለታለች። ያየችው የ17 ዓመቷ ሠልጣኜ ናት።

ባሕል ሲፒአርን (ልቡና ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚሰጠውን የመጀመሪያ እርዳታ) እንደማይተካ ደግሞ ልናገር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ለሰጠመ ሰው ደረት መጫን ብቻውን አይበቃም፣ ትንፋሽ መስጠትም ያስፈልጋል። ሃዋይ ያለ የወጣቶች ሥልጠና ሁሉ በኦሊ ይጀምራል ማለቴም አይደለም፤ ሩጫ፣ ዋናና እንደገና ሩጫ ብቻ የሆነም አለ።

ላንጋኖ ለምትሄዱ ደግሞ፦ ሰው ሲሰጥም ካያችሁ ተከትላችሁ አትዝለሉ። ዱላ ዘርጉለት፣ ገመድ ወርውሩለት። ሁለቱም ከሌለ መኪናችሁ ውስጥ ባዶ ጄሪካን አይጠፋም። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ወርውሩለት፣ ያንሳፍፈዋል።