«አንጀቴን በላው»፦ የሰው ሐዘን ሲበላን

የተከፋ ሰው አይተን ስንመለስ «አዘንኩለት» ብንል ያስኬዳል። ብዙ ጊዜ ግን አይበቃንም። «አንጀቴን በላው» እንላለን።

ፍቺው ግልጽ ነው፤ አሳዘነኝ፣ ሆዴን አባባው ማለት ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ አነጋገሩ ነው። «አዘንኩለት» ስል አዛኙ እኔ ነኝ። «አንጀቴን በላው» ስል ግን በላተኛው እሱ ነው፤ እኔ ተበላሁ። ልዘንለት ወይስ ልለፈው ብዬ ለመምረጥ ጊዜ እንኳ አላገኘሁም። የሰው ሐዘን እንዲህ ነው፤ ሳያስፈቅድ ይገባል።

ያዘነው ሰው በበኩሉ የልቡን መናገር ሲያቅተው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። እነዚህን ሁለት አባባሎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የእሱን ሆድ ይፈጃል፣ የኔን አንጀት ይበላል። አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ሐዘኑ ከሆድ ወደ ሆድ ተሻገረ።

ለምን አንጀት? ሰውነታችን ራሱ ስለሚነግረን ይመስለኛል። ሰው ሲከፋው ስናይ ሆዳችን ውስጥ የሆነ ነገር ጭምድድ ይላል። አንጀት ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉት፤ ከአንጎል ጋርም በነርቭ የተያያዘ ነው። ይህን ያስተዋለው አማርኛ ብቻም አይደለም። በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ የሆድ ዕቃም ርኅራኄም «ስፕላንክና» ይባላል። በዕብራይስጥ ደግሞ ርኅራኄ፣ «ራሐሚም»፣ ማኅፀን ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ይህ ስሜት የማይነካው ሰው ሲያጋጥም «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይባላል። የሌላው ሕመም ለእሱ ምኑም አይደለም።

አንጀት የሚበላው ደግሞ ሁልጊዜ እንባ አይደለም። እንዲያውም ስቅስቅ ብሎ ካለቀሰው ይልቅ እንባውን የዋጠው ይብሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልክ አናግሮ ተመለሰ። «ሰላም ነው?» አልኩት። «ሰላም ነው፣ ምንም አይደል» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከንፈሩ እምቢ አለው። እስክሪብቶውን አንስቶ ክዳኑን ከፈተው፣ ገጠመው፣ ደግሞ ከፈተው። የሚጽፈው ነገር አልነበረም።

አንጀቴን በላው። ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ትንሽ ቆይቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ራሱ ጀመረልኝ።