ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ ውሻውን ማን አዘገየው?

ስልኩን ከተሰረቀ በኋላ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚሄድ ሰው አይታችኋል? ጎርፍ ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ ቦይ የሚቆፍር ሰፈርስ? እንዲህ ያለ ነገር ስናይ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጉዳቱ ደርሶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጥንቃቄ፣ ሰዓቱ ያለፈበት ጩኸት ማለት ነው።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን ለረጅም ጊዜ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ተረቱን በተናገርን ቁጥር የምንፈርደው በውሻው ላይ ነው። ሰነፍ፣ ፈሪ፣ እንቅልፋም አድርገን እናየዋለን። ለምን እንደዘገየ የሚጠይቅ የለም። እኔ ጥያቄው የገባኝ በልጅነቴ ነው፣ ዘንዘልማ፣ አያቶቼ ቤት።

መጀመሪያ ስለ አባባሉ ቃላት ትንሽ ልበል። አራት ቃል ብቻ ነው። ሁለት እንስሳ፣ ሁለት ግሥ። «ከሄደ በኋላ» ማለት ሲገባው «በኋላ»ን ጥሎታል። ስለዚህ ጅቡ ሲሄድና ውሻው ሲጮህ በመካከላቸው ምንም ክፍተት የለም። ጅቡ ከአጥሩ እንደወጣ ጩኸቱ ይቀጥላል። ስንናገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሆነ» እንጨምርበታለን፤ «ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ» እንላለን። ሰው በራሱ ላይ ሲናገረው ጸጸት ነው። በሌላ ሰው ላይ ሲናገረው ግን ወቀሳ ነው። «ውሻ» የሚለው ቃል ስላለበት ታላቅን ሰው ፊት ለፊት በዚህ አባባል መናገር ነውር ነው። ባሕር ዳር አካባቢ ያደገ ልጅ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ወደ ዘንዘልማ ልመለስ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዓባይን ተሻግረን የምናገኘው ቦታ ነው። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ካምፓስ አለበት። በእኔ ልጅነት ግን የማስታውሰው የበቆሎ ማሳውንና ጨለማውን ነው። ፀሐይ ጣና ላይ ስትጠልቅ ከብት ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ሌሊቱ የጅብ ነው።

የአያቶቼ ግቢ በእሾህ የታጠረ ነበር። ከፊት በሩ፣ ከጀርባ ጓሮው። ጓሮው ውስጥ ጌሾና ጎመን አለ፣ ከጌሾው ጎን በረቱ። ውሻችን መቻል ይባላል። ጎበዝ ውሻ ነበር። እማማ ከአልጋቸው ሳይነሱ በመቻል ጩኸት ብቻ የመጣውን ይለዩ ነበር። አጠር አጠር፣ ቆጣ ቆጣ ሲል ሰው ነው። ረዘም ብሎ ወደ ማላዘን ሲያዘነብል ጅብ ነው። ጩኸቱን ትቶ የቤቱን በር በጥፍሩ ሲቧጥር ደግሞ ጅቡ ደርሷል ማለት ነው።

አንድ የሐምሌ ሌሊት ጅብ ከፊት በር በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ ጮኸ። ደጋግሞ ጮኸ። መቻል ወደ በሩ በረረ። አባባ ሽመላቸውን፣ አጎቴ ባትሪውን ይዘው ወጡ። እኔም ከኋላቸው። በባትሪው ብርሃን ጅቡን አየነው። አልሸሸም። ጥቂት ወደ ኋላ ይላል፣ ይቆማል፣ ዞሮ ያየናል። መቻል ሲጠጋው እያነከሰ ይርቃል። የቆሰለ መሰለን። አጎቴ ድንጋይ እየወረወረ ተከተለው። እየጮህን፣ እየተሯሯጥን እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘነው።

ስንመለስ የጓሮው አጥር ተቀዷል። ውርንጭላዋ የለችም። እናቲቱ አህያ በረቱ ጥግ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ጭቃው ላይ የአንድ ጅብ ብቻ ያልሆነ ዱካ ነበር። መቻል የተቀደደውን አጥር አሸተተ። ከዚያ እዚያው ቆሞ መጮህ ጀመረ። እስኪነጋ አላቆመም።

እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። ተረቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። አባባ ግን አልተቀበሉትም። «ተይ እንጂ፣ መጮህስ ጮኋል። የጮኸው ግን ባስጮኹት በኩል ነው። እኛስ? ሁላችንም በአንድ በር አይደል የወጣነው?» አሉ።

ይህች የአባባ ንግግር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም። መቻል ሰነፍ አልነበረም። ያየውን ጅብ በሚገባ ጠብቋል። ያዘገየው ያየው ጅብ ራሱ ነው። አንዱ ታየ፣ ሌሎቹ ገቡ።

ስለ ጅብ የሚታወቀውም ከዚህ ጋር አይጣላም። በመንጋ የሚኖር፣ በሴት የሚመራ፣ አብሮ ማደን የሚያውቅ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በጥናቱ ጅቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁለት ገመድ በአንድ ጊዜ ካልጎተቱ ከላይ የተቀመጠው ምግብ አይወርድላቸውም ነበር። ማንም ሳያሠለጥናቸው ዘዴውን አገኙት። ገበሬው ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። የተቀደደ አጥሩን ያያል።

ከዚህ ጋር ጎን ለጎን መቆም ያለበት ሌላ አባባል አለ፤ «ጅብ እስኪነክስ ያነክስ»። እኔ ሁለቱን የአንድ ሌሊት ሁለት ገጽ አድርጌ ነው የማያቸው። ይኼኛው ከጅቡ ወገን ነው፣ ያኛው ከውሻው ወገን። የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ አካሄዱ የሚያነክስ ያስመስለዋል። ተፈጥሮው ነው። የአገሬ ሰው ግን አካሄዱን አይቶ ብልሃት አደረገው። ደካማ መስሎ ይቀርባል፣ ሲደርስ ይነክሳል። ቋንቋውም አግዞታል። «ነከሰ» እና «አነከሰ» በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት። መንከስና ማንከስ እንዲህ ተጠጋግተው የሚቀመጡበት ቋንቋ ይህን ተረት ባይወልድ ነበር የሚገርመኝ። ያን ሌሊት የተከተልነው ጅብ ሲያነክስ የነበረው ቆስሎ አይመስለኝም።

ጦጣም ይህን ታውቅበታለች። በተረታችን እመት ጦጢት ብልህ ናት፣ አያ ጅቦ ደግሞ ሆዳም። በቆሎ ሲያፈራ እኛ ልጆች ወንጭፍ ይዘን ማማ ላይ እንወጣ ነበር። አንዷ ጦጣ ከማሳው ዳር፣ ዓይን በሚገባ ቦታ ቁጭ ትላለች። ወርደን ወደ እሷ ስንሮጥ ከኋላችን በቆሎው ይንኮሻኮሻል። ስንዞር እሸቱ ተሸልቅቋል። ዛሬም በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ሻይ የሚጠጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ጦጣ ፎቶ ሲያነሳ ዳቦው ከጎኑ ይሄዳል።

በሰው ታሪክም ቢሆን ጠባቂን ማለፍ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። ከጣና ምዕራብ፣ ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ወጣቱን ምኒልክን ዐሥር ዓመት ገደማ መቅደላ አስቀምጠውት ነበር። በ1857 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ምኒልክ ከአምባው በሌሊት አመለጠ። ከውስጥ ወዳጅ ነበረው። ከውጭ ደግሞ የወሎዋ ገዥ ወርቂት ተቀበለችው። ሲነጋ የንጉሡ ቁጣ በቀሩት ላይ ወረደ። በእስር የነበረው የወርቂት ልጅ ተገደለ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚከብደኝ ያ ልጅ ነው። ጠባቂ ዘግይቶ ሲጮህ ጩኸቱ የሚያርፈው ባመለጠው ላይ አይደለም። አጠገቡ በቀረው ላይ ነው።

በዘመናችንም አዲስ አበባ ላይ «ሿሿ» የሚሉት ስርቆት አለ። እኔም ተሰርቻለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ተሳፋሪዎቹ፣ ረዳቱ፣ ሾፌሩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ የማያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዱ በሩ አልዘጋ አለ ብሎ ይጨቃጨቃል። ሌላው «ወንድም፣ ጠጋ በልልኝ» ይለኛል። ሦስተኛው ያስመልሰኛል ብሎ ላዬ ላይ ይደገፋል። እኔ በሩን እያየሁ ነው። ትንሽ እንደሄድን «በዚህ በኩል አንሄድም፣ ውረድ» አሉኝ። ወርጄ ኪሴን ስዳብስ ስልኬ የለም። ታክሲው ከታጠፈ በኋላ መንገድ መሃል ቆሜ «ሌባ! ሌባ!» አልኩ። መቻል ትዝ አለኝ። ያን ቀን አዘንኩለት።

ከዚያ ወዲህ ተረቱን ስሰማ የምጠይቀው ጥያቄ ተቀይሯል። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ጠፍቶ ዘበኛው ሲወቀስ «ያን ሰዓት ምን ይጠብቅ ነበር? ማን ጠራው?» እላለሁ። አንዳንዴ በእርግጥ ተኝቶ ይገኛል። አንዳንዴ ግን በር ላይ ጠብ ተነስቶ ሊገላግል ሄዶ ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ተረት መውቀጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። የመጀመሪያው ሰው ተረቱ ይገባዋል። ሁለተኛው ሥራውን ሲሠራ ነው የተታለለው። ከጠቡ ጀርባ የተማከሩ ሰዎች ነበሩ። አባባሉ የእነሱን ስም አይጠራም። ጅቡን አንዴ ጠርቶ ይለቀዋል፣ ከዚያ ሙሉ ዓይኑ ውሻው ላይ ነው።

አባባ መቻልን አልመቱትም። ከጎረቤት አንድ ቡችላ አመጡና በረቱ አጠገብ አሳደጉት። አጥሩንም በአዲስ እሾህ አጠሩት። ከሁሉ የማስታውሰው ግን ከዚያ በኋላ ጅብ በጮኸ ቁጥር ያደርጉት የነበረውን ነው። አጎቴንና መቻልን ጩኸቱ ወደሚሰማበት ይልካሉ። እሳቸው ሽመላቸውን ይዘው ጓሮ፣ ጌሾው ሥር ይቆማሉ። እኔንም አጠገባቸው ያቆሙኛል። ከፊት በር ሁካታው ይሰማል። እኛ ጋ ዝናቡ ብቻ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል። እግሬ ይቀዘቅዛል። «አባባ፣ እዚህ እኮ ምንም የለም» እላቸዋለሁ። «ይኑር አይኑር አንተ ቁም» ይላሉ።

በሁለተኛው ዓመት አህያዋ ሌላ ውርንጭላ ወለደች። ያቺኛዋ አደገች።