ለአዋቂ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ማቴሪያል ብር ይፈጃል? ድሬ ላይ ሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬ ላይ ለአዋቂ የማታ እንግሊዝኛ ክላስ ሊከፍት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀው "መፅሀፍ በርካሽ የት ይገኛል" ነው፣ ሳቢያን ሆነ መጋላ፣ በነፃ ሆነ በክፍያ፣ ጥያቄው ያው ነው። እኔ ጋ ሚማሩት ባጃጅ ነጂዎች፣ ታይዋን ሚባለው ገበያ ሱቅ ያላቸው፣ ሆቴል ሚሰሩ፣ ትራንዚተር (እቃ ከጉምሩክ ሚያስጨርስ) ቢሮ ሚላላኩ ልጆች፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ናቸው፣ እና ብር ሚባክነው የት እንደሆነ በደንብ ይታየኛል፤ ሚያስፈልገው ነገር እነሱ ኪስ ውስጥ እያለ አስተማሪው ሌላ ነገር ሲገዛ ነው። እስቲ ሚባሉትን በየተራ እንያቸው።

"ለእያንዳንዱ ተማሪ ኦሪጅናል የውጭ መፅሀፍ ካልተገዛ ክላስ አይባልም"

አንድ መፅሀፍ ለአስተማሪው ይበቃል፣ እሱም ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም። ስድስት መስመር ምታክል አጭር ፅሁፍ ምረጡና ሁለቴ አንብቡላቸው፣ መጀመሪያ እስክሪብቶ አስቀምጠው ብቻ ይስሙ፣ በሁለተኛው የያዙትን ቃል ይፃፉ፣ ከዛ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የጎደለውን ካንዱ እየሞላ ፅሁፉን መልሰው ይስሩት፣ መጨረሻ ላይ ቦርድ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። መስማትም መፃፍም ማውራትም ግራመርም አለበት፣ ሰዓቱ አለቀ፣ ወጪው ደብተር ብቻ። ሌላው ፅሁፉን በር ላይ ለጥፎ አንዱ ሄዶ አንብቦ ተመልሶ ለጓደኛው በቃሉ ሚያፅፍበት አለ፤ ፈረንጆቹ እየሮጡ ነው ሚያሰሩት፣ በድሬ ሙቀት ግን አቦ መራመድ ይበቃል።

"የመንግስት መማሪያ መፅሀፍ በነፃ ፒዲኤፍ አለ፣ እሱን ጠርዘን እናስተምር"

ግማሹ እውነት ነው፣ ፒዲኤፉ አለ። ግን የተሰራው ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ለሚውልና ፈተና ለሚጠብቀው ልጅ ነው። የታችኛው ክፍል ለአዋቂ ያሳፍራል፣ የላይኛው ደሞ ለጀማሪ ይከብዳል። አንዳንድ ምንባብ ቆርጣችሁ ውሰዱ፣ ከዳር እስከ ዳር አትከተሉት።

"ጀማሪ ከሆኑ የህፃናት የኤቢሲዲ ፖስተር ይበቃቸዋል"

ይሄኛው በጣም ነው ሚያናድደኝ። በሶስት ቋንቋ ተከራክራ ምትሸጥ ሴትዮ ፊት የፖም ስዕል ሰቅሎ "ኤ ፎር አፕል" ማስባል ምን ሚሉት ነው? ደሞ ድሬ ላይ ክላሱ ድብልቅ ነው። ባማርኛ ብቻ የተማረው ለላቲኑ ፊደል አዲስ ነው፣ ኦሮምኛ በቁቤ የተማረው ወይ ሶማሊኛ ሚያነበው ግን ፊደሉን ከድሮም ያውቀዋል፤ ሶማሊኛ ከ1972 እኤአ ጀምሮ በላቲን ነው ሚፃፈው። የነሱ ችግር ቅርፁ ሳይሆን ድምፁ ነው። ጫልቱ በቁቤ ስሟን በሲ ነው ምትጀምረው፣ ዓሊም በሶማሊኛ ስሙን በሲ ነው ሚጀምረው፣ እንግሊዝኛው ላይ ሲመጡ ደሞ ያው ሲ አንዴ "ክ" አንዴ "ስ" ይሆንባቸዋል። ኤክስም እንደዛው ነው፣ በቁቤ "ጥ"፣ በሶማሊኛ ደሞ ሐሰን ብለን ምንጀምርባት "ሐ" ናት። ላማርኛ አንባቢ ታስቦ የተዘጋጀ የጀማሪ መፅሀፍ ይሄን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚ ማቴሪያሉ የራሳቸው ስም ነው፣ ዋጋው ዜሮ። ሁሉም ስሙን በሚያውቀው ፅህፈት ቦርድ ላይ ይፃፍ፣ ከዛ መታወቂያ ወይ ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተፃፈ አውጥቶ ያስተያይ፣ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው። መታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ አትልቀቁ እንጂ።

"ፕሮጀክተር ወይ ቲቪ የግድ ነው"

መብራት ሲሄድ አብሮ ሚሄድ ነገር ላይ ክላስ አይመሰረትም። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ቀድዳችሁ ዘርግታችሁ በወፍራም ማርከር ፃፉበት፣ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፣ ተጠቅልሎ በባጃጅ ይሄዳል፣ ለሚቀጥለው ክላስም ያገለግላል። ለድምፅ ስልክና ቻርጅ ያለው ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ይበቃል። ብር ካላችሁ ቬንትሌተር ግዙበት፣ የምሬን ነው።

"ኢንተርኔት ላይ ሁሉም በነፃ ነው"

ነፃ የሆነ ጥሩ ነገር አለ፣ ግን ዳታው ነፃ አይደለም፣ ክላስ ውስጥ ሀያ ሰው ቪዲዮ ክፈቱ ማለት ዋጋ አለው። አንድ ሰው ቤቱ ያውርድ፣ ከዛ በብሉቱዝ ወይ በሚሞሪ ይቀባበሉት። ለጀማሪ የብሪትሽ ካውንስል ሌርን ኢንግሊሽ በደረጃ የተከፋፈለ የማዳመጫ ድምፅ ከነፅሁፉ አለው፤ የቢቢሲ ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ ደሞ እሱም ከነፅሁፉ ይወርዳል፣ ግን መሀል ደረጃ ለደረሰ ነው፣ ለጀማሪ ከሰጣችሁት ያስኮርፋል። የአሜሪካ ድምፅ ከ1959 እኤአ ጀምሮ ቀስ ብሎ፣ 1,500 ገደማ በሆነ የተመረጠ ቃል ሚያቀርበው ፕሮግራም ነበረው፤ ጣቢያው ራሱ ያዘጋጀው የህዝብ ንብረት ስለሆነ ድሮ ያወረደ ሰው ካላችሁ ማባዛትም ማከፋፈልም ትችላላችሁ።

ሌላው ግን እንደዛ አይደለም። በነፃ ማዳመጥ ይቻላል ማለት አባዝቶ መሸጥ ይቻላል ማለት አይደለም። የኛው የ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለማስተማር በሚያስፈልገው ልክ ማባዛትን ይፈቅዳል፣ ምንጩን መጥቀስ አለባችሁ፤ ከቴሌግራም የወረደ ሙሉ መፅሀፍ ጠርዞ ለተማሪ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

"ማስተማሪያ ሚባለው ለማስተማሪያ ተብሎ የተሰራ ነው"

ድሬ ላይ ሆኖ ይሄን ማመን ይከብዳል። ከተማው ሙሉ እኮ በእንግሊዝኛ በተፃፈ እቃ ነው ሚተዳደረው። ታይዋን ሂዱና ባዶ ካርቶን ለምኑ፣ ይሰጧችኋል። "ኪፕ ድራይ"፣ "ዚስ ሳይድ አፕ"፣ "ሀንድል ዊዝ ኬር"፣ "ዱ ኖት" ምናምን ሚሉት ሁሉ ትዕዛዝ ናቸው፣ ሙሉ የግራመር ክፍል ነው፣ ስዕሉም አብሮ ስላለ ትርጉሙን ራሳቸው ይደርሱበታል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ፣ የባንክ ፎርም አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን፣ የመድሀኒት ካርቶን፣ የስልክ ሴቲንግ፣ ሁሉም ይሆናል።

የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ደሞ ለብቻው አንድ ምሽት ይወስዳል። ኤክስፓየር ሚያደርግበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ወሩ በአህፅሮት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ በቁጥር ብቻ 03/04 ይላል፣ ማርች አራት ይሁን ኤፕሪል ሶስት እቃው ከየት እንደመጣ ካላያችሁ አይታወቅም። ባለሱቅ ተማሪ ካላችሁ ይሄን ከማንም በላይ ይፈልገዋል ምክንያቱም ኪሳራው የሱ ነው፣ በዛውም ወርና ቁጥር ተምሮ ቁጭ። ትራንዚተር ጋ ሚሰሩት ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት ማምጣት ይፈልጋሉ፣ አሪፍ ነው፣ ግን የደምበኛ ስምና ዋጋ ተደፍኖ ኮፒ ከተደረገ በኋላ ብቻ።

"ፎቶ ኮፒ ርካሽ ነው፣ ለሁሉም ማደል ይሻላል"

አንድ ገፅ ርካሽ ነው፣ ግን አስሉት፦ 20 ተማሪ፣ በክላስ 4 ገፅ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ 12 ሳምንት፣ 2,880 ገፅ መጣ። ቀጥሎ ሌላ ተማሪ ስትቀበሉ ከዜሮ ነው ምትጀምሩት፣ ለዛውም ግማሹ ወረቀት ቤት ሄዶ መጠቅለያ ይሆናል። ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል፣ አብረው ማየታቸው ያስወራቸዋል፣ ይሄ ደሞ ምንፈልገው ነው። አራቱን ገፅ ወደ ሁለት አውርዱት፣ ዋናውን ብቻ ኮፒ አርጉ፣ ጥያቄው ቦርድ ላይ ይፃፍ። በዚህ ሂሳብ 720 ገፅ ይሆናል። እሱንም በሰፊው ፕላስተር በሁለቱም በኩል ሸፍናችሁ መልሱን ደብተር ላይ አስፅፉ፣ ወረቀቱ ላይ አይፃፍበት፣ ክላስ ሲያልቅ ቆጥራችሁ ሰብስቡ። ሚቀጥለው ዙር ሚጨመረው የጠፋው ብቻ ነው፣ ይጠፋል ደሞ፣ በተለይ የዋጋ ዝርዝር ያለበቱ።